ያላጸደቅኩት ዕርቅ

በወንድሜ እንደምቀና ያወቅኩት ዳኛ ከሆንኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚያስቀና ነገር አልነበረውም፤ መቅናት ካለበትም እሱ ነበር በእኔ ሊቀና የሚገባው። ከክፍሌ አንደኛ የምወጣው እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ፣ ጥቁር ካባ ለብሼ ችሎት የተቀመጥኩት እኔ። እሱ አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወና አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ ጎሚስታ ቤት ከፈተ። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። ዛሬም «እትዬ» ነው የሚለኝ።

አባታችን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጉለሌ ውስጥ ባደግንበት ሰፈር ግን በሹፌርነቱ ሳይሆን በአስታራቂነቱ ነው የሚታወቀው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ሰው አይጠፋበትም፤ ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች። ከሱሉልታ በኩል የመጡትን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በአማርኛ፣ አንዳንዴ ሁለቱንም ቀላቅሎ ያናግራቸዋል። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን የምሠራ መስዬ አዳምጣለሁ። ሰዎቹ ሲሄዱ ይጠራኝና «እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያቸው ነበር?» ይለኛል። የመሰለኝን እናገራለሁ። አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፂሙን እያሻሸ ዝም ይላል።

«ይቺ ልጅ ዳኛ ነው የምትሆነው» ይል ነበር ለእማዬ።

ወንድሜ በዚያ ሰዓት ቤት አይገኝም። ኳስ ሜዳ ነው፤ ወይም ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተሳደበ ይሯሯጣል። ቋንቋውን አጥርቶ የለመደው እንደዚያ ነው። እኔ እሰማለሁ እንጂ አፌ አይፈታልኝም፤ ጊዜዬን ከመጽሐፍ ጋር ነው ያሳለፍኩት።

ሕግ ተማርኩ። መጀመሪያ በሬጅስትራርነት፣ ከዚያ በረዳት ዳኝነት ሠራሁና ተሾምኩ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አልናገርም። መጀመሪያ በተቀመጥኩበት ቀን አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ስገባ ሰው ሁሉ ሲነሣ እሱም ተነሣ። በሽማግሌ ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ትልቅ ሆኜ አላውቅም። አሁን የእሱ ወራሽ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ማንም ሳይነግረኝ ነው ያሰብኩት።

ሥራው ግን እንደ አባቴ ግቢ አልነበረም። ጠዋት መዝገቦቹ ተቆልለው ይጠብቁኛል። ለአንዱ ባለጉዳይ የምሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመውን ነገር መተረክ ሲጀምር «ወደ ፍሬ ነገሩ ይግቡ» ማለት አለብኝ። የተረታው በጥላቻ ያየኛል። የረታው ደግሞ የገዛ መብቱን እንዳገኘ ነው የሚቆጥረው፤ አያመሰግንም፤ ማመስገንም የለበትም። ሰፈር ስገባ ወሬ ይቆማል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ተነሥተው ጥሩውን ወንበር ይሰጡኝና ከአጠገቤ ያሉት ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቦታ ይሸሻሉ። የሚቀርበኝ ካለ ወይ መዝገብ ያለው ነው፣ ወይ ሊከፍት ያሰበ። እኔም ሰውን መሸሽ ለመድኩ። ለዳኛ ጥሩ ነው ይባላል።

አባባ ጡረታ ወጥቶ እግሩን ማመም ሲጀምረው አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ሄድኩ። እማዬ ምሳ እያቀረበች ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ፤ በውኃ መውረጃ ቦይ የተጣሉ ጎረቤታሞች ናቸው። አባባ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ሰማቸው። ደክሞታል። ዞር ብሎ እንደሚያየኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንደ ልጅነቴ «አንቺ ብትሆኚ» ይለኛል ብዬ ወገቤን ቀና አድርጌ ጠበቅኩ።

«እኔ አልቻልኩም» አላቸው። «ወደ ልጄ ሂዱ። ጎሚስታ ቤቱ ታገኙታላችሁ።»

ሰዎቹ ሲወጡ ዝም ማለት አቃተኝ። «አባባ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

«አንቺማ መንግሥት አለሽ፣ ልጄ» አለኝ። «አንቺ ስትናገሪ ፖሊስ ከኋላሽ ቆሟል። እሱ ምንም የለውም። ሰው የሚሰማው ወዶ ነው።»

ሊያሞግሰኝ ፈልጎ የተናገረው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የቀረበልኝን እንጀራ ሳልጨርስ ተነሣሁ። በዓመቱ አረፈ። ከዚያ በኋላ የተጣላ ሁሉ የሚሄደው ወደ ወንድሜ ሆነ።

ከሥራ ስመለስ ታክሲው በጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ያልፋል። ሁልጊዜ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት እመርጣለሁ። የመጡት ሰዎች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሲናገሩ፣ እሱ የጎማውን ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ አያለሁ። ቀና ብሎ እንኳን አያያቸውም። አይቸኩልም። መሃል ላይ ደንበኛ ከመጣ አንዱን ተጣይ «እስቲ ያዝልኝ» ይለዋል፣ ሌላውን «ፓምፑን አቀብለው» ይለዋል፤ ሁለቱ ሳያስቡት አብረው ይሠራሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከልጇ ሚስት ጋር ታርቃ ስትሄድ ያን ቅባት የጠጣ እጁን ይዛ ስትስም አየሁ። እሱ እጁን ለመንጠቅ ይታገላል። ታክሲው እስኪያልፍ ተጠምዝዤ አየሁ። የእኔን እጅ ማንም ስሞት አያውቅም፤ እንዲስሙኝም አልፈልግም። ግን ቀናሁ። ከእውቀቴ ይልቅ የእሱ አለማወቅ መፈለጉ አንገበገበኝ። የክስ ማመልከቻ በቅጡ ማንበብ የማይችል ሰው! እያልኩ ቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስከራከር አመሽ ነበር።

እንዲህ እያለ ያ መዝገብ መጣ።

ከሳሿ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ተከሳሹ ታናሽ ወንድሟ። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ቤት አላቸው። እሱ ከነቤተሰቡ የፊቱን ክፍሎች ይዟል፣ እሷ ብቻዋን ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ። ተጣልተው የጎኑን በር ቆለፈባት። ወጥታ ለመግባት እሱን ማስፈቀድ ሲኖርባት «ድርሻዬን ይስጠኝ» ብላ ከሰሰች። ተራ መዝገብ ነው፤ እንዲህ ያለ በየሳምንቱ ይመጣል። ቀጠሮ እየተሰጠው ከረመ። መጀመሪያ ሲቀርቡ በመካከላቸው አራት ሰው የሚያስቆም ክፍተት ትተው ነበር የሚቆሙት።

አንድ ማክሰኞ ግን ጎን ለጎን ቆመው ቀረቡ። እሷ እጇን ሰድዳ ከኮቱ ትከሻ ላይ ክር ቢጤ አነሣችለት። «ታርቀናል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ወንድየው፣ አንድ ወረቀትም አቀረበ። «ይህን አጽድቁልንና መዝገቡ ይዘጋልን።»

ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ወረቀት ነው። ገና አንድ ቃል ሳላነብ የእጅ ጽሑፉን አወቅኩት። ወንድሜ ፊደል ሲጽፍ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብሉበታል፤ ልጅ ሆኖ በዚህ የተነሣ ስንት ጊዜ ገርፌዋለሁ። የኋላው ክፍልና የጎኑ በር የእህትየው፣ የፊቱ የወንድምየው ይላል። ቧንቧው የጋራ። ከዚያ አራተኛው ተራ ላይ «በዓመት በዓል ቀን ፊተኛው ቤት አብረው ይበላሉ» ይላል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ውሳኔ ላይ ጽፌ አላውቅም። ልጽፍም አልችልም።

«ማን ነው ያስታረቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር።

«አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ያለው ነው» አለች ሴትየዋ ፊቷ ፈክቶ። «አባቱም እንዲሁ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አባቱን የሚተካ ከቤቱ የወጣ እሱ ብቻ ነው።»

የማን ልጅ መሆኔን አላወቀችም። ከፊቷ ከፍ ብዬ፣ ካባ ለብሼ ተቀምጫለሁ፤ ለእሷ ግን ከዚያ ቤት የወጣው እሱ ብቻ ነው።

በዚያች ደቂቃ ማድረግ የነበረብኝን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ያስታረቃቸው ወንድሜ ነው፤ ይህን ተናግሬ ራሴን ከመዝገቡ ማንሣት ነበረብኝ። ይህ ቢቀር ደግሞ ማጽደቅ። ሁለቱንም አላደረግኩም። ወረቀቱን ገለባበጥኩና ጉድለት ፈለግኩ። ለሚፈልግ ሰው ጉድለት አይጠፋም። የቤቱ ቁጥር አልተጻፈም። የኋላው ክፍል ስፋት አልተገለጸም። «ስምምነቱ የቤቱን ዝርዝር ስለማይገልጽ ተስተካክሎ ይቅረብ» ብዬ አስጻፍኩ። ቀጠሮውን ለሦስት ሳምንት አደረግኩት።

የችሎቱ ጸሐፊ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ቁጥሩ መዝገቡ ውስጥ አለ እኮ፤ አሁኑኑ ጠይቀናቸው እንሙላው?» አለችኝ።

«ትእዛዙን ጻፊ» አልኳት።

ሁለቱ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እጅ ነሥተው ወጡ። እኔ ቀጣዩን መዝገብ አስጠራሁ። የተሰማኝ ጸጸት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። የተሰማኝ እርካታ ነው። የእሱ ወረቀት እኔ ጋ ደርሶ፣ ጎደሎ ሆኖ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ሲቀርቡ ክፍተቱ ተመልሷል። በመካከል ደላላ ገብቶ ነበር። ቦታው ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ከሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ እንደሚፈለግ ለወንድየው ነግሮታል። «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፤ ይሸጥና እንካፈል» አለ ወንድየው እግሩን እያየ። እሷ የተስተካከለውን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ነበር። ቁጥሩን፣ ስፋቱን፣ ሁሉን ሞልታ። የእሱ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው።

ባለሙያ ታዘዘ፤ ቤቱ ለሁለት ለመከፈል አያመችም አለ። በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈሉ ብዬ ፈረድኩ። ፍርዱ የሕግ ስህተት የለበትም፤ ማንም ይግባኝ ሰሚ አይነቅፈውም። ቤቱ ተሸጠ።

ከወራት በኋላ እማዬ ቤት ወንድሜን አገኘሁት። የሚበላውን ትቶ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ፍርድ ቤት ዕርቅ አይቀበልም እንዴ?»

«ይቀበላል። ምነው?»

«አንድ እህትና ወንድም ነበሩ። እዚህ ቢበቃቸው ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በቃ ተሳሳሙና ሂዱ ማለት ነበረብኝ። ግን... ማለቴ፣ ቤት ነገር ነው፣ በወረቀት ይሁን፣ ፍርድ ቤት ይየው አልኳቸው። አንቺን አስቤ ነው እኮ። የእኔ ቃል ነገ ይረሳል፤ ፍርድ ቤት ያየው ነገር ይጸናል ብዬ። ወረቀቱን መለሱባቸው፤ በዚያው ተበላሸ።»

እማዬ ሁለታችንንም ታየናለች። «ሥርዓቱን ያላሟላ ይሆናል» አልኩና መብላቴን ቀጠልኩ።

«ይሆናል» አለ። «እኔ ሕጉን አላውቅ።»

ይህም አላስነገረኝም። ያስነገረኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሆነው ነው። ሸጎሌ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ሄጄ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት ገብታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ስታስተካክል ተያየን። ያቺ ከሳሽ ናት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እሷ ግን «ክብርት ዳኛ!» ብላ ብድግ ልትል ቃጣት። ጣሪያው አልፈቀደላትም።

«ደኅና ነዎት? እኔ እዚህ ገባሁ» አለችኝ። «ከብት ተራው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ጭቃው ነው እንጂ አየሩ ጥሩ ነው።»

«ወንድምዎስ?» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«የት እንደገባ አላውቅም። ስልኩን ቀይሯል።» ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እመቤቴ። ሕጉ ነው። ሲያዝኑልን ፊትዎ ላይ አይቻለሁ።»

ያየችው ሐዘን አልነበረም። «ወራጅ አለ!» ብዬ ሳልደርስ ወረድኩ። ዝናብ እያካፋ ነበር። ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ በእግሬ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ ወረድኩ።

ወንድሜ ብቻውን ነበር፤ የላዳ ጎማ ያወልቃል። እዚያ ቤት ገብቼ ስለማላውቅ ደነገጠ። «እማዬ ደኅና ናት?» አለ መጀመሪያ።

«ደኅና ናት። እዚያ መዝገብ ላይ የነበርኩት ዳኛ እኔ ነኝ» አልኩት። «ወረቀትህን የመለስኩት እኔ ነኝ።»

«ሥርዓቱን አላሟላም አልሽኝ እኮ።»

«ወዲያው ሊሟላ ይችል ነበር። ጽሑፍህን ስላወቅኩት ነው የመለስኩት። ቀንቼብህ ነው።»

ጎማ ማውጫውን መሬት አስቀመጠ። ልክ እንዳልሰማ ሰው አየኝ። «በምኔ? እትዬ፣ በምኔ ነው የምትቀኚብኝ? በዚህ?» ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ፤ እስከ ክንዱ ጥቁር ናቸው። «ከቀናሽ የፈለግሽውን ውሰጂ! እነዚያ ሰዎች ምን አደረጉሽ?»

«ይቅርታ» አልኩ።

«ለእኔ አይደለም። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

«እኔ ዳኛ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለባለጉዳይ አይነገርም።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለና ጎማው ላይ አጎነበሰ። እየጮኸ ቢቀጥል ይሻለኝ ነበር። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቀና አላለም። ወጣሁ።

ለሰባት ወር አላናገረኝም። እማዬ ቤት እኔ ካለሁ አይመጣም። በዚያ ጊዜ የሴትየዋን ወንድም ሰው እያጠያየቀ ሲፈልግ ኖሯል፤ አገኘው። ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ እማዬ ደውላ «ወንድምሽ ነይ ብሏል» አለችኝ። ስገባ ሁለቱ እህትና ወንድም አባባ ሰው ያስታርቅበት በነበረው ግቢ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ሳይነካኩ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ቆሟል። አላስተዋወቀኝም። «እህቴ የምትነግራችሁ አላት» አለ ብቻ።

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ያለ ካባ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ወንድየው ፊቱ እየቀላ ሄደ።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ወረቀቱ ሲመለስ ሕጉ አይፈቅድም ማለት ነው ብዬ ነው ለደላላው ጆሮ የሰጠሁት። አሁን የገዛው ሰውዬ ቤቱን አፍርሶታል። መሠረት አስቆፍሯል።»

እህትየው ወደ እኔ አላየችም። ወደ ወንድሜ ዞረች። «አንተ ምን ትላለህ?» አለችው። ሦስታችንም እሱን አየን። እሱ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ ጀመረ፤ ገሚሱን ሰማሁ፣ ገሚሱ አመለጠኝ። ሁለቱ ማልቀስ ጀመሩ። እዚያ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ካደረስኩ በኋላ፣ ቅናቱ እንደገና ሲይዘኝ ተሰማኝ። አፈርኩበት። ግን አልለቀቀኝም። እኔ የነገርኳቸው እውነት ነበር፤ የሚጠብቁት ግን የእሱን ቃል ነው።

ወንድየው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቤቱታ አስገባብኝ። መብቱ ነው። የተባለው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ መልስ ሰጠሁ። ያባርሩኛል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ወደ ሌላ ችሎት ተዛወርኩ። ይጠበቅልኝ የነበረው የደረጃ ዕድገት በዚያው ቀረ። ቤቱ አልተመለሰም፤ እህትና ወንድሙ ግን ተነጋግረዋል። ወንድየው ሸጎሌ ከእሷ ብዙም ሳይርቅ ተከራይቷል ብላ እማዬ ነገረችኝ።

አሁን የዕርቅ ወረቀት ሲቀርብልኝ የጎደለውን እዚያው ጠይቄ እሞላለሁ፤ ማን እንዳስታረቃቸው አልጠይቅም። ወንድሜም ቀስ በቀስ መለስ አለልኝ። ባለፈው ሳምንት በሥራ ሰዓት ደወለ።

«እትዬ፣ እዚህ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከኋላው መኪና ይጮኻል። «ሁለት ወር ሞከርኩ፤ አባትየው ልጁን እየጎዳው ነው፣ ይሄ በእኔ የሚያልቅ አይደለም። ፍርድ ቤት ልላካቸው?»

ዝርዝሩን ጠየቅኩት። ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ዕርቅ የሚይዘው ነገር አልነበረም።

«ላካቸው» አልኩት።

እንደማስፈልገው ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ እሱ ያቃተው ነገር በመኖሩም ደስ አለኝ፤ ይህን ሁለተኛውን ለእሱ አልነገርኩትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መዝገቡ እኔ ጋ እንዳይመደብ ጸለይኩ።